ጋሼ ሳይሰሙ የወረደው ሙዚቃ

ሚስት ሊያገባ የተነሣ ሰው ብዙ ነገር ይጠየቃል። ሥራህ ምንድን ነው፣ የማን ልጅ ነህ፣ ትጠጣለህ ወይ ይባላል። እኔ ለእነዚህ ሁሉ መልሴን አሰናድቼ፣ ለመጨረሻው እንዲያውም ሁለት ዓይነት መልስ ይዤ ስጠባበቅ፣ እጮኛዬ ሰናይት ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ አስቀመጠችኝና ግራ ቀኟን አይታ "የአባባን ሙዚቃ ዝቅ ታስደርግልኛለህ?" አለችኝ።

"ይጮህባችኋል እንዴ?" አልኳት።

"ጩኸቱን አይደለም፤ ከፍታውን ነው። ሙዚቀኞች ኪይ የሚሉትን። ዘፈኑ ራሱ ሳይለወጥ ትንሽ ወረድ ካለ ቦታ እንዲነሣ።" ማኪያቶዋን ገፋ አድርጋ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። "እሱ ግን እንዳያውቅ።"

ለዚህ ሥራ ለምን እንደተመረጥኩ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ጥቂት ወራት ጊታር ተምሬያለሁ። ጊታሩን ከነሽፋኑ ለአጎቴ ልጅ ሰጥቼ ከተገላገልኩ ቆየሁ። ነገር ግን ከሰናይት ጋር በተዋወቅንበት ሰሞን፣ ሰው በዚያ ሰሞን የማይለው ነገር የለምና፣ "ሙዚቃ ደሜ ውስጥ አለ" ብያት ኖሯል። ያን ዕለት ካለበት አውጣው ተባልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰናይት አባት ጋሽ ተፈራ ፒያሳ ዕድሜ ልካቸውን ልብስ የሰፉ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ግን በቀበሌ የኪነት ቡድን ውስጥ ይዘፍኑ ነበር። ያኔ ለእትዬ ሙሉ፣ እትዬ ሙሉ ገና ሚስታቸው ሳይሆኑ፣ ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው የደረሱላቸው አንድ ዘፈን አለ። በዘፈኑ መካከል "ዓለሜ" የምትል ቃል አለች። የቀረው ዘፈን ሜዳ ነው፤ ማንም ሰው እየተራመደ ይዘፍነዋል። "ዓለሜ" ላይ ሲደርስ ግን ዜማው በድንገት ሽቅብ ይወጣና እላይ ላይ ቆሞ ይቀራል። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፒያሳ በእግሩ፣ በምሳ ሰዓት፣ ኮት ለብሶ የወጣ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል።

የመጀመሪያ ልጃቸው ስትዳር ጋሼ የዚህን ዘፈን ሙዚቃ ብቻውን ስቱዲዮ ገብተው አስቀረጹ። ክራሩ፣ ሳክስፎኑ፣ ከበሮው፣ የሴቶቹ እልልታ ሳይቀር ተሟልቶ ተቀዳ። በመልሱ ዕለት ሙዚቃው ተከፈተላቸውና በዚያ ላይ ዘፈኑ። "ዓለሜ" ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። ትንሽ ስንጥቅ አልነበረም አሉ። እኔ አልነበርኩም፤ የነበሩት ግን ሲነግሩኝ አሁንም ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ጋሼ ዘፈኑን እንደምንም ጨርሰው ተቀመጡ፣ ምሳቸውን በሉ፣ እንግዳ ሸኙ። ከዚያ በኋላ ግን አልዘፈኑም። መኪናቸው ላይ ጎንበስ ብለው ሲሰፉ እንኳ ሲያንጎራጉሩ የሚውሉት ሰው ዝም አሉ። በቤቱ ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ የተናገረ የለም። ከተነሣም "ያ ነገር" ይባላል፤ ያውም እሳቸው በሌሉበት።

አሁን ደግሞ ሁለተኛዋ ልጃቸው፣ ማለትም የእኔዋ፣ ልትዳር ሆነና አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ "ለሰናይትም እዘፍናለሁ" አሉ። ቤቱ በሙሉ "እሰይ!" አለ። እሰይ ብሎ ሲያበቃ ሁሉም በየክፍሉ ገብቶ መጨነቅ ጀመረ። ጭንቀቱን ያባሰው፣ ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ በየዳርቻው የተበተኑት የድሮ ጎረቤቶች ለዚህ መልስ ሲሉ ከያሉበት ሊመጡ መሆኑ ነው። ሰው በየቀኑ በሚያየው ጎረቤት ፊት ቢያፍር በማግስቱ ያስተካክለዋል። እነዚህ ግን የሰሙትን ይዘው ነው ወደየኮንዶሚኒየማቸው የሚመለሱት።

"ድጋሚ ከተሰነጠቀበት አባባ ከእንግዲህ አፉን አይከፍትም" አለች ሰናይት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ደግሞ የሰናይት ዓይን እንባ ካቀረረ የማልገባበት ጉድጓድ የለም።

"ለኔ ተይው" አልኩ።

ለምን በግልጽ አትነግሯቸውም የሚል አንባቢ ካለ እዚህ አገር አላደገም ማለት ነው። አባትን "ድምፅህ አልደርስ ብሏል" ከማለት አባትን ሳይነግሩ ሙዚቃውን ማውረድ ይቀላል። ደግሞም በዚህ ዘዴ ጋሼ ራሳቸው የተካኑ ናቸው። ደንበኞቻቸው ዕድሜ ሲጨምሩ ቦርጭም ይጨምራሉ። ጋሼ ሱሪውን ለሌላ ጉዳይ ተቀብለው ወገቡን ቀስ ብለው ያሰፉላቸዋል። "ይሄው እስካሁን ልክ ነኝ!" እያሉ ደረታቸውን ነፍተው ከሱቃቸው የሚወጡ አዛውንቶች ፒያሳ ውስጥ ሞልተዋል። እኔም ሥራውን የተማርኩት ከርስዎ ነው ብዬ በሆዴ ሕሊናዬን አሳመንኩት።

ስቱዲዮው ጊዮርጊስ አጠገብ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው፤ ግድግዳው በሙሉ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፎበታል። ባለቤቱ ቢኒያም ይባላል። ሙዚቃ ይቀዳል፣ ለሠርግ ደግሞ ድምፅ ማጉያ ያከራያል። የጋሼን ሙዚቃ ያኔ የቀዳው እሱ ነው፤ በእኛም መልስ ላይ ሙዚቃውን የሚከፍተው እሱ ነው። ቢኒያም ጉዳዬን በጥሞና ሰማኝ። ቢኒያም የማንንም ጉዳይ በጥሞና ይሰማል፤ ጥፋታችን ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

"ስንት ላውርደው?" አለኝ።

እኔ አራት ኪሎ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። የማላውቀው ጥያቄ ሲመጣብኝ የምሰጠው መልስ አለኝ።

"እንደ አስፈላጊነቱ" አልኩት።

"ሰውዬው የት ድረስ መውጣት እንደሚችሉ ሳላውቅ በግምት አላወርድም" አለ። "ሲዘፍኑ፣ ካልሆነም ሲጮሁ ቅዳና አምጣልኝ።"

የወደፊት አማቱን ማስጮህ ያለበት ሰው ምን ያደርጋል? ብዙ አሰብኩበት። በመጨረሻ ጋሼን ማኪያቶ ልጋብዝዎ ብዬ ከአንድ ካፌ በረንዳ ላይ አስቀመጥኳቸው። የስልኬን መቅጃ ከፍቼ ከስኳሩ ጎን አጋደምኩት። ከመንገዱ ማዶ አንድ ባለ ኮፍያ ሰውዬ ቆሟል።

"ጋሼ፣ ያ ሰውዬ የርስዎ ወዳጅ አይደለም?"

"የቱ?"

"ባለ ኮፍያው። ቅድም እርስዎን እርስዎን ሲያይ ነበር። እስቲ ጮክ ብለው ይጥሩት።"

ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት። "አላውቀውም" አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረጉና "ደግሞ ፈልጎኝ ከሆነ ነውር ነው" ብለው፣ እጃቸውን ከአፋቸው ግራና ቀኝ አድርገው "ወንድሜ!" አሉ። "ወንድሜ! ባለ ኮፍያው!"

ሰውዬው መጣ። ጋሼን አያውቃቸውም፤ ጋሼም አያውቁትም። ግን በአክብሮት ተጠርቶ እንዴት ይመለሳል፤ ተቀመጠ፣ ማኪያቶ አዘዘ፣ አገር ተጠያየቁ። በእናቱ በኩል ሊዛመዱ ትንሽ ሲቀራቸው ሰዓት ሄደባቸው። ሲለያዩ ጋሼ ለመልሱ ጠሩት፤ እሱም ምን ቆርጦኝ እቀራለሁ አለ።

ቅጂውን ይዤ ወደ ቢኒያም ሮጥኩ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ብዙ ቆየና "እኚህ ሰውዬማ ምን ሆኑ?" አለኝ። "ከፍ ቢደረግላቸውም ይችላሉ። 'አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!' ሲሉ እንዴት እንደሚወጡት አትሰማም?"

"እሱ የታክሲ ረዳት ነው" አልኩት።

"እ። ታዲያ አባትዬው የትኛው ናቸው?"

"ከሥር ከሥር 'ወንድሜ' የሚሉት።"

እንደገና አዳመጠ። ፊቱ ላይ ሐዘን አየሁበት። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ነገር ወደ ታች ጎተተና ሙዚቃውን ከፈተው። ፍጥነቱ ያው ነው፣ ዜማው ያው ነው፤ ብቻ ሁሉም ነገር ደረጃ ወርዷል። ችግሩ እልልታውም አብሮ መውረዱ ነው። እልል የሚሉት ሴቶች ትንሽ ጉንፋን የያዛቸው ይመስላሉ።

"ይታወቃል?" አልኩት።

"የሚያውቅ ያውቃል" አለ።

ይህን መልስ ከእኔ መሥሪያ ቤት የሰማሁት መሰለኝና ተማመንኩበት። ስወጣ "አደራህን፣ እኔ መጥቼ እንደነበር ለማንም እንዳትናገር" አልኩት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "የስቱዲዮ ሰው እንደ ነፍስ አባት ነው" አለኝ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ነቃ ያለ ሰው ሊጠረጥርባቸው የሚገቡ አንዳንድ ነገሮች አይቻለሁ። ለምሳሌ የሰናይት ወንድም ዳዊት አንድ ቀን በምንም ምክንያት ሳይሆን "ቢኒያም የሚባል ሰው ታውቃለህ?" አለኝ። "አላውቅም" አልኩት። "እኔም አላውቅም" አለና ወሬያችን በዚሁ አበቃ። ሌላ ቀን ደግሞ ሥራው እንዴት እንደሆነ ላጣራ ወደ ስቱዲዮው ስወጣ እትዬ ሙሉ ከፎቁ ሲወርዱ ደረጃው ላይ ተገጣጠምን። "ጊዮርጊስን ልሳለም መጥቼ ነው" አሉኝ። ጊዮርጊስ ፎቅ ላይ አለመሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ግን እሳቸውም አንተስ እዚህ ምን ትሠራለህ ብለው ስላልጠየቁኝ ሰላምታ ተለዋውጠን ተላለፍን። እንዲያውም እንዴት ያሉ ጨዋ ሴት ናቸው ብዬ አደነቅኳቸው።

የመልሱ ቀን ደረሰ። ከጊዮርጊስ ጀርባ ያለው አዳራሽ ጢም ብሏል። የድሮው ሰፈር በሙሉ ተሰብስቧል፤ አንዱ ሌላውን አቅፎ "የት ገባችሁ?" ይባባላል። እኔና ሰናይት ካባችንን ደርበን ከፊት ተቀምጠናል። ባለ ኮፍያው ሰውዬ ኮፍያውን ሳያወልቅ ከዘመድ ጋር ተቀምጦ ሁለተኛ ሳህኑን ይዟል። ምግቡ አለቀ፣ መጠጡ ዞረ። ጋሼ ራሳቸው የሰፉትን ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰው ተነሡና ማይኩን ያዙ። ተረጋጋ፣ ሙዚቃው ወርዷል፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል አልኩ ለራሴ።

"ይቺ ለልጄ ናት" አሉ። ለቢኒያም አንገታቸውን ነቀነቁለት።

ሙዚቃው ጀመረ። መጀመሪያ የሰማነው ክራር መሆን ነበረበት። የሰማነው ግን አንድ ሰው ባዶ በርሜል በእርጋታ ሲጎስም ነው። ቀጥሎ ሳክስፎኑ ገባ፤ የጭነት መኪና በአንደኛ ማርሽ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ። ከዚያ እልልታው መጣ። እናንተዬ፣ እልልታው! የአንድ ሙሉ ዕድር ወንዶች በአንድነት የሚያቃስቱ ነበር የሚመስለው። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት በደመ ነፍስ ነጠላቸውን ማዘቅዘቅ ጀመሩ። አጠገባቸው ያለችው ሴት ጎንበስ ብላ "ማን ነው ያረፈው?" ስትል ሰማኋት።

እኔ ያስወረድኩት ይህን ያህል አልነበረም። ወደ ቢኒያም አየሁ። ቢኒያም ጣሪያውን ያያል።

ጋሼ ገቡበት። መቼስ የጀመሩትን አይተዉም። የመጀመሪያዋን ስንኝ ሙዚቃው ካለበት ሊያገኟት ወረዱ፣ ወረዱ፤ አገጫቸው ክራቫታቸው ውስጥ ገባ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ የሚሰማ ነገር የለም። ሁለተኛዋ ስንኝ ላይ ማይኩን ዝቅ አደረጉ።

"ቆይ። ቢኒያም፣ አቁመው እስቲ።"

ሙዚቃው ቆመ።

"ይሄን ሙዚቃ እዚህ ድረስ ማን ነው ያወረደው?"

"ጋሼ፣ በአደራ የተያዘ ነገር ስለሆነ መናገር አልችልም" አለ ቢኒያም በማይክ፣ አዳራሹ በሙሉ እየሰማ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ለእኚህ ሰው ስጨነቅ ከርሜ፣ ከዚያ ስንጥቅ በሺህ እጥፍ የከፋ ውርደት ያመጣሁባቸው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ከሚጠረጠር ብዬ፣ ካባዬ እየጎተተኝ፣ ተነሣሁ።

"እኔ ነኝ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ጋሼ ግን እኔን አላዩኝም፤ በትከሻዬ ላይ አሻግረው ያያሉ። ዞር ስል ዳዊት ቆሟል። ከዳዊት ጀርባ እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። ከጎኔ ደግሞ የካባ መንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ ሰናይት ተነሣች።

"አንቺ ደግሞ?" አልኳት በሹክሹክታ። "እኔን ልከሽኝ የለ እንዴ?"

"አንተን ማመን አቅቶኝ ነው" አለች። ትዳር በዚህ መልክ ይጀመራል።

"እኔ በጣም ትንሽ ብቻ ነው ያስወረድኩት" አለ ዳዊት።

ይሄኔ ቢኒያምም ሸክሙ ከበደው መሰለኝ ከመሣሪያው ጀርባ ብቅ አለ። "እኔ ምን ላድርግ? አንዱ ይመጣል፣ ካለበት ትንሽ አውርደው፣ አደራ ለማንም ብሎ ይሄዳል፤ ሌላዋ ትመጣለች። የጋሼ ድምፅ በየሳምንቱ እየወረደ መስሎኝ ሳዝን ነው የከረምኩት።"

ማንም አልሳቀም። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ የድሮ ጎረቤት፣ ሳህኑን አተኩሮ ያያል። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ሰናይት እጄን አጥብቃ ያዘች። አበቃ፣ ከእንግዲህ እኚህ ሰው አይዘፍኑም አልኩ በሆዴ።

"አንድ ሰው ቀርቷል" አሉ ጋሼ።

ተያየን። የሚነሣ የለም።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ሐሙስ ዕለት ሄጄ እኔም ትንሽ አስወርጄዋለሁ። እናንተ እንዳትሰሙብኝ ልጁን በአደራ አስሬው።"

መጀመሪያ የሳቀው ባለ ኮፍያው ሰውዬ ነው፤ የቤተሰብ ሰው ስላልሆነ የሚፈራው የለም። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተነቃነቀ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት እናት ሳይቀሩ መልሰው እያስተካከሉ ሳቁ።

"የድሮው፣ ምንም ያልተነካው አለህ?" አሉት ጋሼ ቢኒያምን።

"አለ ጋሼ።"

"እሱን ክፈተው። ያወረዳችሁ ሁሉ ደግሞ ኑ፣ እዚህ አጠገቤ ቁሙ።"

ወጥተን እንደ ጥፋተኛ ተደረደርን። ሙዚቃው በድሮ ቦታው ሆኖ ጀመረ። ክራሩ ክራር ሆነ፤ እልል የሚሉት ሴቶች ጉንፋናቸው ለቀቃቸው። ጋሼ ዘፈኑ። ሜዳው ላይ ድምፃቸው እንዴት ያምራል! ቀስ እያሉ ወደዚያች ቦታ ተጠጉ። "ዓለሜ" ሊባል ሲል ማይኩን ከአፋቸው አንሥተው እኛ ፊት ደቀኑት።

አልተዘጋጀንም ነበር። ዳዊት ግማሽ መንገድ ሄዶ ቀረ። ሰናይትን ሳል ያዛት። እትዬ ሙሉ ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ከፈቱ እንጂ ምንም አልወጣም። ከእኔ የወጣውን ድምፅ በተመለከተ፣ በቪዲዮው ላይ አንድ ሕፃን ደንግጦ እናቱ ጉያ ሲገባ ይታያል። ባለ ኮፍያው ከተቀመጠበት ሊያግዘን ሞክሮ አንቆት ውኃ ተሰጠው።

ጋሼ ትከሻቸው እስኪርገበገብ ሳቁ። "አያችሁ?" አሉ በማይኩ፣ ለእኛም ለጎረቤቱም። "ስንት ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የኔ መስሎኝ። ቦታው ነው እኮ!"

ዘፈኑ ዞሮ ያችው ቦታ ስትደርስ ማይኩን ለማንም አልሰጡም። ሰናይትን እያዩ ወደ ላይ ወጡ፤ ድምፃቸው ተሰነጠቀ፤ እየሳቁ በስንጥቁ ውስጥ አልፈው ዘፈኑን ጨረሱት። አዳራሹ ሊፈርስ ደረሰ። ሰናይት እያለቀሰች ሄዳ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እኔም ወንድ ልጅ አያለቅስም የሚለውን ለጊዜው ትቼው ነበር።

እትዬ ሙሉ አጠገቤ ቆመው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። የማጽናናት ተራው የእኔ መሰለኝና ጠጋ ብዬ "ምን ይደረጋል እትዬ፣ ዕድሜ ነው" አልኳቸው።

"የምን ዕድሜ?" አሉኝ። "ያኔ በጎረምሳነቱም አይደርስባትም ነበር።"

"ታዲያ እርስዎ ለምን ሄደው አስወረዱት?"

"እሱ አፈረባታ። እኔማ ምን ቆርጦኝ አፍርባታለሁ።" ወደ ጋሼ እያዩ ፈገግ አሉ። "አጥራችን ሥር ቆሞ ሲዘፍንልኝ ስንቴ ሰምቼ ዝም ብዬዋለሁ። አንድ ቀን እዚያች ላይ ደርሶ እንዲህ ሲሰነጠቅበት ጊዜ ነው፣ አንጀቴን በልቶኝ ወጥቼ በሩን የከፈትኩለት።"